በቀኝ በኩል አየር የለም

«አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ» አለ የከማሉ አጎት ሙስተፋ በስልክ፣ ከግድግዳው ማዶ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ ግን ሁለቱን ክፍል የሚለየው ቺፑድ ነው፣ ቺፑድ ደግሞ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከልልም። ከማሉ ፊቱን ሳሙና እንደቀባ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ ቀረ። «ሌሊት ሌሊት የአየር ሞተሩን እያጠፋ ይተኛል፤ አየር ሲያጣ ማጣሪያው ተደፈነ። በቃ፣ ይሄው ነው። ምን ችግር አለው አቶ ገብረወልድ፣ ገና ልጅ ነው፣ ትዳር የለው፣ ሌላ ሥራ አያጣም። አራት ሰዓት ነው ያሉኝ? እሺ፣ ኢንጂነሯ ስትመጣ እኔም እዚያው ነኝ።» ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ቀጥሎ የጫማ ብሩሽ ድምፅ መጣ፣ ቸኮል ሳይል፣ አንዱን ጫማ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ። ከማሉ ሳሙናው ዓይኑን ሲያቃጥለው ነው ውሃውን የጨመረበት።

ቤቱ ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ፣ ስድስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ለሁለቱ ክፍል በወር አራት ሺህ ብር ይከፍላሉ፤ ከዚያ ውስጥ ሙስተፋ ሁለት ሺህ ስምንት መቶውን ይችላል፣ ስለዚህም መስኮት ያለው ክፍል የእሱ ነው። ከማሉ ሻዩን ይዞ ሲገባ አጎቱ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ የመጋዘን ቁልፎቹን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ጠበቀው። ትልቁን ግማሽ ወደ ከማሉ ገፋለት። ሌላ ቀን ቢሆን ከማሉ «ኧረ አንተ ብላ ጋሼ» ይል ነበር፣ አጎቱም «ብላ ዝም ብለህ፣ የሚያድግ አንተ ነህ» ብሎ ይስቅበት ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት ለሞላው ሰው የሚያድግ ማለት ለሙስተፋ የማያልቅ ቀልድ ነው። ዛሬ ከማሉ ትልቁን ግማሽ ወስዶ በላው። የጎረቤት ሬዲዮ፣ ከዚያ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከዚያ ደግሞ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ይሰማል። ሁለት ጊዜ የአጎቱ አፍ ተከፈተና ተዘጋ። በመጨረሻ «ዛሬ አርብ ነው፣ እናትህ ትመጣለች» አለ። ከማሉ «አውቃለሁ» አለ። ወጥተው በሩን ሲቆልፉም፣ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሲሄዱም የተነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነው። ሊጠይቀው ይችል ነበር። ግን አንድ ነገር ልቡን ሞልቶት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየውን ማንም በፊርማ ሊያጠፋው እንደማይችል ያውቃል። የሚያስፈልገው የሚያይ ሰው ብቻ ነው፣ ኢንጂነሯ ደግሞ በአራት ሰዓት ትመጣለች።

ሁለቱም የሚሠሩበት ሆቴል ስልሳ አልጋና በአካባቢው ስሙ የታወቀ ክትፎ ቤት አለው። ከኩሽናው ጀርባ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ቦታ አለፍ ብሎ፣ እንግዳ የማይደርስበት የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ከመታጠቢያ ቤቱም ከኩሽናውም የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ እዚያ ይገባል፤ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ አትክልቱን ያጠጣል፣ የተረፈው ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ገንዳው ውስጥ የተንጠለጠለው ማጣሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ነጫጭ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ የኩሽና ሴቶች ገና ሲገባ አይተውት «ፓስታ» አሉት፣ ስሙ በዚያው ጸና። ፓምፑ ውሃውን በፓስታው ግድግዳ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፣ ጭቃው ውጭ ይቀራል። ጭቃው ቱቦዎቹ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ደግሞ ከሥር፣ ከተበሱ ቧንቧዎች፣ አየር እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ አረፋው ሲወጣ ፓስታውን እያወዛወዘ፣ እያሻሸ ያጥበዋል። የከማሉ ሥራ ይህንን መጠበቅ ነው። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ያነባል፣ የገንዳው መግቢያ ላይ ያለውን ወንፊት ያጸዳል፣ የአየር ሞተሩን ዘይት ያያል። ደመወዙ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው። የቀረው ሰዓት የእሱ ስለሆነ አረፋ ያያል። ሌላ ሰው እሳት እንደሚያይ፣ ሌላ ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን እንደሚያይ፣ ከማሉ ገንዳው አፋፍ ላይ ተቀምጦ አረፋው ከየት እንደሚወጣ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋጠም፣ ከፈነዳ በኋላ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሲያይ ሰዓቱ ይነጉዳል። ያየውን በደብተር ይስለዋል። ደብተሩ ላይ የቀን ስምና ክብ ክብ ነገሮች ብቻ ስለሆኑ አንድ ቀን አቶ ገብረወልድ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ገልጦ አይቶ «ሎሚ ነው የምትስለው?» ብሎት ነበር።

ማጣሪያው በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደፈነ። በተደፈነ ቁጥር ውሃው ይሞላል፣ የመታጠቢያ ቤቶቹ ፍሳሽ ይመለሳል፣ እንግዳ ይጮሃል። አቶ ገብረወልድ የአየር ሞተሩን ጨምሩት አለ፣ ተጨመረ። ባሰበት። አዲስ ማጣሪያ ደግሞ ዋጋው ሲነገራቸው አዲስ አበባ ያሉት ባለቤት ስልኩን ዘግተዋል አሉ። ከዚያ ወዲያ «ማጣሪያው ለምን ተደፈነ» የሚለው ጥያቄ ቀስ ብሎ «ማን ደፈነው» ወደሚለው ተለወጠ።

ከማሉ ወደ ኩሽናው የኋላ በር ሲሄድ ዕቃ አጣቢዋ ሃይሚ የክትፎ ጣባዎቹን ከፊቷ ደርድራ እያጠበች ነበር። ሸክላው ቅቤ ጠጥቶ ስለሚውል በሙቅ ውሃ ካልታሸ ሽታው አይለቅም፤ እሷ ደግሞ እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ከእጇ ይቀድማል።

«የአረፋው ሐኪም መጣ» አለች። «ታማሚህ እንዴት አደረ?»

«የሽንኩርት ልጣጭ ስጪኝ። ብዙ። ቀዩን።»

«ለቆሻሻው ወጥ ልትሠራለት ነው?»

«እንግዳ አለብኝ።»

«ሰምተናል እንግዳህን» አለች ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ ሳቋም አብሮ ቀነሰ። «ወረቀት ተጽፏል ይላሉ። አጎትህም…» ጎንበስ ብላ ልጣጩን በፌስታል ሞልታ ሰጠችው። «ዝም እንዳትል አንተ። ዝም ስትል ሰው የተስማማህ ይመስለዋል።»

«አልልም» አለ።

ማጣሪያውን ያቀረበው ድርጅት የላካት ኢንጂነር ሲፈን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ በፒክአፕ ደረሰች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቦቲ ጫማዋን ከመኪናው ሳትወርድ ያጠለቀች ሴት ናት፤ ሻይ ሲቀርብላት «በኋላ» ብላ ወደ ገንዳው አለፈች። አቶ ገብረወልድ ከጎኗ እየሄደ መንገዱን ሙሉ አወራላት፤ ገንዳው ጋ ሲደርሱ ጠቅላላውን ታሪክ ጨርሶ ነበር። «ስለዚህ ኢንጂነር፣ የዕቃው ጥፋት እንዳልሆነ እናውቃለን፣ የእኛም አይደለም። ጥፋቱ የሰው ነው። ምስክር አለን። እርስዎ ሪፖርቱ ላይ ይህንኑ ካሰፈሩልን ልጁን እናሰናብትና ጉዳዩን እንዘጋዋለን።» የምስክርነቱ ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ነው፣ ከነእስክሪብቶው ተዘጋጅቶ። ሙስተፋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ ቁልፎቹን በእጁ ጨብጧል፣ እንዳይንሿሹ።

«እርስዎ ነዎት ምስክሩ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«የልጁ ምኑ ነዎት?»

«አጎቱ» አለ ሙስተፋ።

ሲፈን ወደ ከማሉ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት» አለ ከማሉ። የገንዳውን ክዳን በሁለት እጁ ገፍቶ ከፈተ። ሽታው ወጣ፤ ዝናብ እንደመታው አፈር ያለ፣ የለመደው ሰው የማይጠላው ሽታ። ቡናማው ውሃ በግራ በኩል ይፈላል፤ ድፍን እፍኝ የሚያህል አረፋ እየገለበጠ ይወጣል። በቀኝ በኩል ውሃው ለስላሳ ነው። ከማሉ ፌስታሉን ፈትቶ ልጣጩን መሐል ላይ በተነው። ቀያዮቹ ልጣጮች አንዴ ተሽከረከሩና ሁሉም ባንድ ላይ፣ ሰው እንደጠራቸው ሁሉ፣ ወደ ቀኝ ተጓዙ። ግድግዳው ጋ ደረሱ፣ ተጠጋጉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ታች ሰመጡ።

«አየር በግራ ብቻ ነው የሚወጣው» አለ። «አየሩ ሲወጣ ውሃውን ይዞት ይወጣል፤ የወጣው ውሃ መውረጃ ይፈልጋልና በቀኝ በኩል ይወርዳል። ቆሻሻውንም ይዞት ይወርዳል። ሞተሩን ስንጨምረው አረፋው እርስ በርሱ እየተጋጠመ ትልቅ ይሆንና በዚያው በለመደው መንገድ ያመልጣል። አየር ሰነፍ ነው ኢንጂነር፣ ቀላሉን መንገድ ነው የሚይዘው። ጨመርንለት ማለት ግራውን አብዝተን አጠብን፣ ቀኙን አብዝተን አቆሸሽን ማለት ነው።» ደብተሩን ከብብቱ አውጥቶ ሰጣት። «ሃያ አንድ ቀን ነው። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ትልቁ ክብ ትልቅ አረፋ ነው። ባዶው ምንም የለም ማለት ነው።»

ሲፈን ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክቦቹ ሁለቱንም ጎን ሞልተዋል፤ ከዚያ ቀኙ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ባዶ ወረቀት ሆኗል። አቶ ገብረወልድ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ «ይሄማ ሥዕል ነው» አለ። «ሌሊት የሚያደርገውን አያሳይም።»

«ያሳያል እንጂ» አለ ከማሉ። «ሞተሩን አጥፍቼ የምተኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን እኩል ይደፈን ነበር። አጥፍቼ ከሆነ ማጣሪያው ሲወጣ ግራውም ጥቁር ይሆናል። አላጠፋሁም ከሆነ ግራው ነጭ፣ ቀኙ ብቻ ጥቁር ነው። እንቅልፍ ግራና ቀኝ አይመርጥም አቶ ገብረወልድ። እናውጣውና እንየው።»

ከኩሽናው በር ላይ የሴቶች ሳቅ ተሰማ። አቶ ገብረወልድ ዛሬ የገበያ ቀን መሆኑን፣ ክትፎ ቤቱ እንደሚሞላ፣ ማጣሪያው ከወጣ ውሃ ለሦስት ሰዓት እንደሚቋረጥ ተናገረ። ሲፈን ቀና ብላ ከገንዳው በላይ የተሰቀለውን የዕቃ ማንሻ፣ የፓራንኮውን ሰንሰለት እያየች «ሦስት ሰዓት አይፈጅም» አለች። «አውጡት።»

ከማሉና የጥበቃው ሰው ሰንሰለቱን እየተቀባበሉ ጎተቱ። ብረቱ እየጮኸ ማጣሪያው ከውሃው በጣት በጣት ወጣ፤ ቡናማው ውሃ እንደ መጋረጃ ፈሰሰና ቀስ በቀስ ቀጠነ። ግራው ነጭ ነበር፤ ትናንት የተሰቀለ ያህል ነጭ፣ እያንዳንዱ ቱቦ ለብቻው ተንጠልጥሎ። ቀኙ ጥቁር ጭቃ ነው፣ አንድ ላይ የተጋገረ። ከማሉ ደስታውን ጨርሶ ሳያጣጥመው ሲፈን ጓንት አጥልቃ ጭቃውን ገለጥ ስታደርግ ከሥሩ ሌላ ነገር መጣ። በቱቦዎቹ መሐል ተጠላልፎ፣ ተፈትሎ፣ ክንድ የሚያክል ገመድ ሆኗል፤ ታች ደግሞ የአየር ቧንቧዎቹን ቀዳዳዎች እንደ ቡሽ ወትፏቸዋል። ጎትታ ጎትታ ጥቂቱን በጠሰችው።

«ፀጉር ነው?» አለች። «እንደዚህ ያለ ፀጉር አይቼ አላውቅም።»

«ፀጉርማ አይደለም» አለች ሃይሚ ከበሩ፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ቃጫ ነው። የእንሰት። ጣባ የምናጥብበት።»

«ስፖንጅ ተገዝቶላችሁ የለም እንዴ?» አለ አቶ ገብረወልድ።

«ስፖንጁማ ቅቤውን ከዚህ አንስቶ እዚያ ይቀባዋል። ቃጫ ነው የሚያነሳው። እናቶቻችንም በሱ ነው ያጠቡት።» ከዚያ ይህን ማለቷ ጥፋት ይሁን አይሁን ሳታውቅ እጇን እንደገና በሽርጧ ጠረገች።

ሲፈን እርጥቡን ቃጫ በሁለት ጣቷ ወደ ብርሃን አነሳችው። እንደ ክር ቀጭን ነው፣ ርዝመቱ ከክንድ ይበልጣል። «ወንፊቱ ቅጠልና አጥንት ይይዛል እንጂ ይሄን አይዝም» አለች። «በቁመቱ ሾልኮ ያልፋል። ካለፈ በኋላ አረፋው ራሱ ያሽከረክረውና ይፈትለዋል። ከየት ነው የምትገዙት?»

አቶ ገብረወልድ ወደ መጋዘን ኃላፊው፣ ወደ ሙስተፋ ዞረ። ሙስተፋ የቆመበትን ሲሚንቶ ያያል። ከማሉ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አየ፤ የጠዋቱን ስልክ፣ የተገመሰውን ዳቦ፣ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋውን አፍ። አጎቱ አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ፊት አልነበረውም። ከዚህ በፊት ያየውን ነገር ደግሞ የሚያይ ሰው ፊት ነበር። ዝም ቢል ከማሉ ራሱ ድኗል፤ ወረቀቱ ወድቋል፣ ቃጫው ከገበያ ነው ቢባል ማንም አይጠይቅም። ግን ሃያ አንድ ቀን ያየውን እንዳለ ጽፎ፣ ዛሬ ያየውን ግማሹን ሊናገር አልፈለገም።

«የእናቴ ነው» አለ። «እናቴ ፈቲሀ በየሁለት አርቡ ከገጠር ታመጣለች፣ ጋሼ ይረከባታል። ቃጫው ጥሩ ቃጫ ነው። ቦታው ነው ያልሆነው።»

አቶ ገብረወልድ አንድ ነገር ሊል ሲል ሲፈን ማኅደሩን ከእጁ ወስዳ ወረቀቱን ሳታነብ መለሰችለት። «ይሄ አያስፈልገኝም» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ቃጫ ወደ ማጠቢያው እንዳይገባ። ጠባብ ወንፊት እልካለሁ። ማጣሪያው አልሞተም፣ በእጅ ተለቅሞ ይድናል።» ከዚያ የደብተሩን ገጾች አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ አነሳች። «እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርክ?»

«አሥራ ሁለተኛ። ነጥብ አልመጣልኝም።»

«ቀኙ ባዶ መሆን ሲጀምር ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬ ነበር። ሎሚ ነው ተባልኩ።»

ሲፈን ሳቀች፣ አቶ ገብረወልድ አልሳቀም። «ከእንግዲህ ለእኔ ደውል» ብላ ስልክ ቁጥሯን በራሷ እጅ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፈችለት። አቶ ገብረወልድ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ይቅርታ የሚሉት ነገር እንደዚህ ይባል ይመስል፣ «ምሳህን ከኩሽና ብላ፣ ክትፎ እንዲሰጡህ ንገራቸው» ብሎ ሄደ። ሙስተፋ ከሁሉም በፊት ከግቢው ወጥቶ ነበር። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ከማሉ ክንዱን እስከ ብብቱ ጭቃ ነክሮ ከቱቦዎቹ መሐል ቃጫ እየለቀመ ነበር። ለቀማውን ለጥበቃው አስይዞ ታጥቦ ሮጠ፤ መስጊዱ ሞልቶ ስለነበር በረንዳው ላይ ሰገደ። አጎቱን ከእሱ ሦስት ረድፍ ቀድሞ አየው። ሶላቱ በሰላምታ ካበቃ በኋላም ሙስተፋ ወደ እሱ አልዞረም።

እናቱን ከሆቴሉ የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ነጠላዋን ተሸፍና ሸክሟ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሸክሟ ታጥቦ የደረቀ፣ የተበጠረ፣ ገለባ መስሎ የሚያበራ ቃጫ ነው። ከቤቷ ተነስታ መኪና እስከምታገኝበት ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትመጣለች። አንድ እስር በሰማንያ ብር ነው የሚወስዱላት፣ ዛሬ አሥራ ሁለት እስር ይዛለች። ጉልበቷን ስሞ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ጥበቃው አላስገባም አለኝ» አለች። «ቃጫ ተከልክሏል ይላል። ማን ነው የከለከለው?»

«ኢንጂነር ናት። ማጣሪያውን የደፈነው ቃጫው ነው እማ። ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

እናቱ ሸክሙን በመዳፏ ደባበሰችው፣ እንደሚታከክ በሬ። «አንተ ነህ ያገኘኸው» አለች፣ ጥያቄ አልነበረም። ቀጥላ «ገና የታጠበ ነበር» አለች። ከዚያ ከአስፋልቱ ማዶ ወንድሟ ሲመጣ አይታ ተነሳች።

ሙስተፋ ሰላም ብሏት ቆመ። «ሙስተፋ» አለችው፣ «አንተ ግቢ ውስጥ እያለህ ይሄ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አትልክልኝም? ይሄን ሁሉ ተሸክሜ?» ከማሉ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አጎቱ አላውቅም ነበር ቢል ሊያምን የተዘጋጀ ሰው አለ፣ እህቱ። ከማሉ አልረዳውምም፣ አልቀደመውምም።

«ካለፈው ወር ጀምሮ አውቄዋለሁ» አለ ሙስተፋ። «ትንሹ ፓምፕ ሲታነቅ ፈትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብናገር አንቺም ገበያሽ ይቀርብሻል፣ እኔም ማን አስገባ እባላለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋተኛ ሲፈለግ…» ቁልፎቹን ከወገቡ ፈታ፣ መልሶ አሠራቸው። «በልጅሽ ላይ ልፈርም ነበር፣ ሲያጠፋ አይቻለሁ ብዬ። አላየሁም። አንድ ቀንም አላየሁም።»

ፈቲሀ ወንድሟን አላየችም፣ ልጇን ነው ያየችው። «ሥራህ ተረፈ?»

«ተርፏል እማ።»

«አል-ሐምዱሊላህ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሠረች። ገበያው ገና አልተበተነም፤ ለጣሪያ ማሠሪያም ለገመድም ቃጫ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፣ ዋጋው ብቻ ይወርዳል። ወደ ሸክሙ አመለከተችና «ዙር» አለችው ሙስተፋን።

«ባጃጅ ልጥራልሽ…»

«ዙር አልኩህ።»

ሙስተፋ ዞሮ ጎንበስ አለ። ከማሉ ሊያነሳላት እጁን ሲዘረጋ «አንተ ተወው» አለችው፤ ብቻዋን አንስታ ጀርባው ላይ ጫነችው፣ ማዘያውን በካኪ ኮቱ ደረት ላይ አሻግራ ራሷ ቋጠረችው፣ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ ሳበችው።

«ጠበቀብህ?»

«አልጠበቀብኝም።»

አስፋልቱን ተሻግረው በሱቆቹ ፊት ቁልቁል ሄዱ፤ ሙስተፋን የሚያውቁት ሱቆች ናቸው፣ በየወሩ ስኳርና ሳሙና የሚረከብባቸው። አንዱ ባለሱቅ ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ ብሎ «ሙስተፋ፣ ምንድን ነው ዛሬ የተሸከምከው?» ሲለው ከማሉ ከበሩ ላይ ሆኖ ሰማ። ሙስተፋ ሳይቆም «የእህቴ ነው» አለ። ፈቲሀ ከኋላው፣ እጇን እያወዛወዘች፣ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ትከተለዋለች።